ከጭቃ የወጣ ያስመሰልኩትን ሎኮሞቲቭ እንዴት ላድነው?

ጥያቄ፦ በ1፡29 ስኬል (ከእውነተኛው 29 ጊዜ ባነሰ ልክ) የተሠራ ኤስዲ40-2 የተባለ የአሜሪካ የናፍጣ ሎኮሞቲቭ ሞዴል አለኝ። ከሳጥኑ ሲወጣ እንደ አሻንጉሊት ያብረቀርቅ ስለነበር፣ ዐሥር ዓመት ያህል በሥራ ላይ የቆየ እንዲመስል ብዬ ቡናማ አክሪሊክ ቀለም በኤርብራሽ (ቀለም በአየር ግፊት በሚነፋ መሣሪያ) ከላይ እስከ ታች ነፋሁበት። ያረጀ ሳይሆን ከጭቃ ጉድጓድ ተጎትቶ የወጣ መሰለ። ከዚህ መመለስ ይቻላል? ተጨማሪ ዝርዝር ክፍሎችስ ልግጠምለት ብል ከማስረጀቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ?

መልስ፦ መመለስ ይቻላል፤ ዝርዝር ክፍሎቹም ከማስረጀቱ በፊት ይገጠማሉ። ይሁንና እነዚህን ሁለት አጭር መልሶች ብቻ ይዘው ወደ ሥራ ቢገቡ ያው ስሕተት በሌላ ቀለም ሊደገም ስለሚችል፣ የመጀመሪያው ሙከራ ለምን እንዳልሠመረ አስቀድሞ ማየት ይበጃል። ጥፋቱ የቀለሙ አይደለም፤ ያ ቡናማ በቦታው ቢውል ጥሩ ቀለም ነው። ጥፋቱ ቡናማው ከየት እንደመጣና ምን አምጥቶ እዚያ እንዳሳረፈው ለተመልካቹ ምንም አለመናገሩ ነው። በሥራ ላይ ያለ የናፍጣ ሎኮሞቲቭ አንድ ዓይነት ቆሻሻ ብቻ የለበትም። ጥላሸቱ ከጭስ ማውጫው ተነሥቶ ጣሪያው ላይ ያርፋል፤ አቧራው ከሐዲዱ ሥር በመንኮራኩሮቹ እየተነሣ ወደ ላይ ይወጣል፤ ዘይቱ በሞተሩ ቤት በሮች ሥር እየሰረገ ወደ ታች ይወርዳል፤ ዝገቱ ቀለሙ ከተላጠበት ቁስል ይጀምራል፤ ፀሐይ ደግሞ ምንም ሳትጨምር ከቀለሙ ላይ ትቀንሳለች። አምስቱም የየራሳቸው መነሻ፣ መንገድና ማረፊያ ስላላቸው፣ አንድ ወጥ ቡናማ ሲደረብባቸው ሎኮሞቲቩ የሠራው ሥራ ሁሉ አብሮ ይጠፋል።

የሞዴሉ መጠንም የራሱ ድርሻ አለው። እውነተኛው ኤስዲ40-2 ወደ 21 ሜትር ይረዝማል። በ1፡87 ስኬል ሲሠራ 24 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ በእርስዎ ስኬል ግን ከ72 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል። በትንሹ ሞዴል ላይ ተመልካቹ የጎደለውን በሐሳቡ ይሞላል፤ በትልቁ ላይ ግን ቀርቦ ይመረምራል። አንድ ሚሊ ሜትር የምታህል የቀለም ቁራጭ ብትላጥ፣ በእውነተኛው ማሽን ላይ ወደ ሦስት ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ቁስል ማለት ናት። ከዚህ የተነሣ በትንሽ ስኬል የሚሠራበት ዘዴ ሁሉ በትልቁ አይሠራም፤ በተለይ በትንሹ ሞዴል በቀለም ልዩነት ብቻ የሚታየውን ነገር በትልቁ በአንጸባራቂነት ልዩነትም ማሳየት ያስፈልጋል። እርጥብ ዘይት ያብረቀርቃል፣ የደረቀ አቧራ ብርሃን ይውጣል፣ ጫማ የረገጠው ብረት ይወለወላል። ሦስቱም በተመሳሳይ ጥቁር ቡናማ ቢቀቡ እንኳ ብርሃኑን የሚመልሱበት መንገድ ከተለያየ ዓይን ይለያቸዋል። ብዙ ጀማሪዎች መጨረሻ ላይ ሞዴሉን በሙሉ ማት (የማያብረቀርቅ) ቫርኒሽ ነፍተውበት ሥራቸውን ራሳቸው ያጠፉታል፤ ወደዚህ እመለስበታለሁ።

ቀለም ከመንካትዎ በፊት የአንድ ሎኮሞቲቭ ፎቶግራፎች ይሰብስቡ። አንድ ሲባል ዓይነቱ ብቻ ሳይሆን አንድ ቁጥር ያለው፣ በአንድ ወቅት የተነሣ ማለት ነው። ኤስዲ40-2 እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ ወደ 4,000 በሚጠጋ ብዛት የተሠራና በብዙ የባቡር ኩባንያዎች እጅ ያለፈ በመሆኑ ፎቶግራፍ አያጡም፤ ችግሩ የሚመጣው ከዐሥር ልዩ ልዩ ማሽኖች ዐሥር ደስ የሚሉ እድፎች ተለቅመው በአንዱ ላይ ሲከማቹ ነው። ሁለቱን ጎኖችና፣ ከተገኘም ከድልድይ ላይ የተነሣ የጣሪያውን ምስል ይያዙ። ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት እንደማይሆን ፎቶግራፎቹ ራሳቸው ያሳዩዎታል።

አሁን ወደ ማዳኑ እንሂድ። የነፉት አክሪሊክ ከሆነና ብዙ ወራት ካልቆየ፣ 70 በመቶ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል በጆሮ ጥጥ ነክሮ ማሸት ያለሰልሰዋል። አስቀድመው ግን በማይታይ ቦታ፣ ለምሳሌ በሻንሲው (አካሉን በሚሸከመው የታች መዋቅር) የውስጥ ጠርዝ፣ ይሞክሩት፤ አንዳንድ የፋብሪካ ቀለም ራሱ በአልኮል ይለቅቃልና። አሴቶን ወይም ጠንካራ ቲነር አያስጠጉ፤ የሞዴሉ አካል ከኤቢኤስ ፕላስቲክ የተሠራ ከሆነ ቀለሙን ብቻ ሳይሆን ፕላስቲኩን ያሟሟዋል። ሲያሹ ሁልጊዜ ከላይ ወደ ታች፣ ዝናብ በሚወርድበት አቅጣጫ ይሁን። ጥጡን ቶሎ ቶሎ ይቀይሩ፤ አንድን ቦታ አንድ ጊዜ አሽተው ካልለቀቀ አልኮሉ እስኪተን ጠብቀው ይመለሱበት እንጂ አጥብቀው አይፈግፍጉ።

በዚህ ጊዜ የሚያስደስት ነገር ይገጥምዎታል። ቡናማው ከጠፍጣፋው ገጽ ሲለቅ በበሮቹ ስንጥቅ፣ በማጠፊያዎቹ ዙሪያና በወንፊቶቹ ጠርዝ ይቀራል፤ በጎኑ ላይም ስስ ቀጥ ያሉ መስመሮች ይተዋል። ያ የቀረው ሎኮሞቲቭ በዝናብ ሲታጠብ የሚቀርበት ዓይነት አቧራ ነው። ሁሉንም ለማስለቀቅ አይድከሙ። ሰባ፣ ሰማንያ በመቶው ሲነሣ ያቁሙና ለብ ባለ ውኃና በጥቂት ሳሙና አጥበው ያድርቁት። ያበላሸሁት ያሉት ቀለም የሥራው የመጀመሪያ ንብርብር ሆነ ማለት ነው።

ዝርዝር ክፍሎች የሚጨመሩት እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም አዲስ የተገጠመ መጨበጫ በአሮጌ ገላ ላይ እንደ ሰው ሠራሽ ጥርስ ያፈጥጣል፤ ሁሉም አንድ ላይ ማርጀት አለበት። ቅድሚያ የምሰጠው ለመጨበጫዎቹ ነው። ከፕላስቲኩ ጋር አብረው የተቀረጹት መጨበጫዎች አብዛኛውን ጊዜ ከልካቸው በላይ ወፍራም ናቸው። የእውነተኛው ዘንግ ውፍረት 19 ሚሊ ሜትር ያህል ነው ብንል በ1፡29 ወደ 0.65 ይመጣልና፣ 0.7 ሚሊ ሜትር የናስ ሽቦ ይበቃል። የድሮውን በስለታም ቢላ ላጭተው፣ ቦታውን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ካስተካከሉ በኋላ፣ በእጅ ድሪል ይብሱት። ሽቦው ሲገባ ከገጹ ያለው ርቀት በሁሉም ላይ እኩል እንዲሆን አንድ ቁራጭ ካርቶን ከሥሩ አስገብተው ያጣብቁት፤ አሥር መጨበጫ ተደርድሮ አንዱ ብቻ ቢያዘነብል ዓይን የሚሄደው ወደዚያው ነው። ሱፐር ግሉ ሲደርቅ በዙሪያው ነጭ ጭጋግ ስለሚጥል በትንሹ፣ ከተቻለም ከውስጥ በኩል ይቀቡት። መስታወት አጠገብ ጨርሶ አይጠቀሙበት፤ ለዚያ ኢፖክሲ ይሻላል። የናሱን ሽቦ በፕራይመር (ቀለም እንዲይዝ አስቀድሞ በሚቀባ ሽፋን) ሳይሸፍኑ ቀለም ቢቀቡት በመጀመሪያው ንክኪ ይላጣል።

ሁለተኛው ጣሪያው ነው። ሞዴል ከሰው ዓይን በታች ስለሚቀመጥ፣ በእውነተኛው ሎኮሞቲቭ ላይ ማንም የማያየው ጣሪያ በሞዴል ላይ ፊቱ ማለት ነው። በኋለኛው ጫፍ የተደረደሩት ሦስቱ የራዲያተር ማራገቢያዎች በደፈናው የተቀረጹ ከሆኑ፣ ወንፊቱን በስስ የናስ ወንፊት ተክተው ከሥሩ ያሉት ስለቶች እንዲታዩ ማድረግ ከማንኛውም ሌላ ጭማሪ በላይ ሞዴሉን ይለውጠዋል። የውስጡን ክፍት ቦታ ግን በጥቁር ግራጫ ይቀቡት፤ አለዚያ ሽቦና የፋብሪካ ፕላስቲክ ይታያል። የጭስ ማውጫውን ቁጥርም ይጠንቀቁ። የዚህ ሎኮሞቲቭ 16 ሲሊንደር ያለው 3,000 የፈረስ ጉልበት ሞተር ተርቦቻርጀር (አየር በግፊት ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) ስላለው ጭሱ የሚወጣው በአንድ ትልቅ ማውጫ ነው፤ ተርቦ የሌለው 2,000 የፈረስ ጉልበት ያለው ጂፒ38-2 የተባለው ሎኮሞቲቭ ግን ሁለት አለው። ለውበት ብሎ ሁለተኛ ማውጫ መጨመር ሞተሩን መቀየር ነው።

የአየር ቱቦዎቹ፣ የዝናብ መጥረጊያዎቹ፣ ጡሩምባውና ማንሻ ቀለበቶቹ በቦታቸው ይግቡ፤ ስለእነርሱ ብዙ የምለው የለኝም። ቱቦዎቹን ግን በንጹሕ ጥቁር አይቀቧቸው። ያረጀ ጎማ ጥቁር ግራጫ ነው። ንጹሕ ጥቁርና ንጹሕ ነጭን ለማስረጀት ሥራ ከጠረጴዛዬ ላይ ካነሣኋቸው ቆይቻለሁ።

ቀጥሎ የሚመጣው መደብዘዝ ነው፤ ብዙ ሰው የሚዘለውም ይህንኑ ነው። ዐሥር ዓመት ፀሐይ የመታው ቀለም የነበረውን ቀለም አይሆንም፤ ይነጣል፣ ገጹም እንደ ጠመኔ ዱቄት ይሆናል። የመደብዘዙ ንብርብር ከአካሉ ቀለም ጥቂት ፈዘዝ ካለ ቅይጥ ይሠራል። ቢጫ በነጭ ሊፈዝ ይችላል፤ ቀይ ግን በነጭ ሲፈዝ ሮዝ ስለሚሆን የአሸዋ ቀለም ወይም ጥቂት ብርቱካንማ ይጨመርበት፤ ሰማያዊ በፈዛዛ ግራጫ፣ ጥቁር በቡናማ ግራጫ ይደበዝዛል። ቅይጡ በጣም ቀጭን ይሁን፤ አንድ እጅ ቀለም ለዘጠኝ እጅ ማቅጠኛ። ኤርብራሹ 0.3 ሚሊ ሜትር አፍ ያለው ከሆነ ግፊቱን ወደ አንድ ባር ዝቅ አድርገው፣ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ሆነው እያንዳንዱን በር ከመሐሉ ወደ ጠርዙ ይንፉት። የመጀመሪያው ዙር ምንም ያልተነፋ ይመስላል፤ ሁለተኛውም እንዲሁ። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ላይ ድንገት ይታያል፤ ያኔ ማቆም አለብዎት፤ ምክንያቱም ሲደርቅ ከእርጥቡ ይልቅ ጎልቶ ይታያል።

ወደ ላይ የተጋለጠ ገጽ ከጎኑ ይልቅ ይደበዝዛል፤ በጣሪያው ጠርዝ ሥር የተጠለለው ደግሞ የመጀመሪያ ቀለሙን ይይዛል። አንድ ነገር ልጨምር፦ በሥራ ላይ ካሉ ሎኮሞቲቮች አንዳንዶቹ ከሌላ ማሽን የተነቀለ በር ተገጥሞላቸው ይታያሉ። ከተደረደሩት የሞተር ቤት በሮች አንዱን ብቻ ሳያደበዝዙ፣ ወይም ከሌሎቹ አብልጠው አደብዝዘው ቢተዉት፣ ያንን ማሽን በጥገና ቤት የሠራ ሰው ወዲያው ያውቀዋል። ከአንድ በላይ ግን አያድርጉ።

መደብዘዙ ሲደርቅ አካሉን በአንጸባራቂ አክሪሊክ ቫርኒሽ ሸፍነው ቢያንስ 24 ሰዓት ያቆዩት። ቫርኒሹ ሁለት ጥቅም አለው፤ እስካሁን የሠሩትን ይቆልፋል፣ በላዩ የሚፈሰው ቀጭን ቀለምም ሳይጠጣ ወደ ስንጥቆች እንዲሮጥ ያደርጋል። ቀጭኑን ቀለም፣ በሙያው ዎሽ የምንለውን፣ ከሥዕል የዘይት ቀለም አዘጋጃለሁ፤ ጥቁር ቡናማና ጥቂት ጥቁር፣ በዋይት ስፒሪት (በዘይት ቀለም ማቅጠኛ) ተበጥብጦ። የዘይት ቀለሙን ከቱቦው ወደ ካርቶን ቁራጭ አውጥተው ግማሽ ሰዓት ቢያቆዩት ካርቶኑ ትርፍ ዘይቱን ስለሚመጥለት ሲደርቅ አያብረቀርቅም። በቀጭን ብሩሽ ጫፍ ስንጥቁን ብቻ ይንኩ፤ ፈሳሹ በራሱ ይሄዳል። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይተው ትርፉን በደረቅ ሰፊ ብሩሽ ወደ ታች ይጎትቱ። ዋይት ስፒሪቱ ከሥሩ ያለውን የደረቀ አክሪሊክ አይነካውምና ካልወደዱት ጠርገው እንደገና መጀመር ይችላሉ፤ ከኤርብራሽ ይልቅ ይህ ዘዴ ይቅር ባይ ነው።

ስንጥቅን ሁሉ እኩል ማጥቆር ግን ሥዕል ያስመስለዋል። አየር የሚገባባቸው ወንፊቶች፣ ከካቢኑ ጀርባ ያለው ትልቁ መግቢያና የራዲያተሮቹ የጎን ወንፊቶች፣ አቧራን ወደ ራሳቸው ስለሚስቡ በርትቶ መጨለም ያለባቸው እነርሱ ናቸው። ማራገቢያዎቹ አየሩን ወደ ላይ ስለሚያስወጡ ጣሪያቸው ላይ ለስላሳ አቧራ አይቀመጥም። ዝናብ የሚደርስባቸው የላይኛው ስንጥቆች ይቅለሉ፤ ሠራተኛ በጎን ከሚሄድበት መተላለፊያ ጋር የሚገናኘው የበሮቹ ግርጌ፣ ዘይትና አቧራ የሚጋቡበት፣ ይጨልም።

የታችኛው ክፍል በኤርብራሽ የሚሠራ ነው፤ የእርስዎ ቡናማም ቦታው ይኸው ነበር። ቦጊዎቹን (መንኮራኩሮቹን የሚይዙትን ክፍሎች) እና የነዳጅ ታንኩን ከታች ወደ ላይ፣ መንኮራኩር በሚረጭበት አቅጣጫ፣ በሁለት ወይም በሦስት የተለያዩ ቡናማና ግራጫ ቅይጦች ይንፉ። ርጩ በሻንሲው ጠርዝ ላይ ጥቂት ይወጣል፤ ወደ ካቢኑ መስኮት ግን አይደርስም። ከፍሬኑና ከሐዲዱ የሚፋቀው የብረት ብናኝ ዝጎ ቀይ ቡናማ ስለሚሆን በመንኮራኩሮቹ አካባቢ ቀለሙ ወደዚያ ያድላ፤ መያዣ እንዲጨምር ደረቅ አሸዋ በቱቦ ወደ ሐዲዱ በሚነፋባቸው ቦታዎች ደግሞ ፈዛዛ የአሸዋ ብናኝ ይረፍባቸው። የመንኮራኩሮቹ ፊት በዘይትና በአቧራ የተለወሰ ጥቁር ቡናማ ሲሆን፣ ሐዲዱን የሚረግጠው ዙሪያቸው ግን የሚያብረቀርቅ ብረት ነው። ሎኮሞቲቩን ከፉርጎ ጋር የሚያገናኙት ማያያዣዎች ፊት ቀለም ያልተቀባ የዛገ ብረት ነው፤ እርስ በርስ የሚፋተጉበት ብቻ ይወልወላል።

ስለ ነዳጅ ታንኩ በዝርዝር ልናገር፤ የአንጸባራቂነት ነገር በግልጽ የሚታየው እዚህ ነውና። ነዳጅ መሙያው በታንኩ ጎን ከፍ ብሎ ይገኛል። በሞላ ቁጥር ጥቂት ናፍጣ ይፈሳል፤ የፈሰሰው አቧራውን ያጥባል፣ ቀስ ብሎም አዲስ አቧራ ይይዛል፣ ቀጥሎ ሌላ ይፈስበታል። ይህንን በአንድ ጥቁር መስመር ለማሳየት መሞከር ቀለም የፈሰሰ ያስመስላል። እኔ በሦስት ቀን እሠራዋለሁ። በመጀመሪያው ቀን ከመሙያው ሥር እስከ ታንኩ ግርጌ፣ ሰፋ ብሎ ወደ ታች የሚጠብ፣ ከአካባቢው አቧራ ጥቂት የጨለመ ማት እድፍ በዘይት ቀለም አደርግና ጠርዙን በእርጥብ ብሩሽ አጠፋለሁ። በሁለተኛው ቀን በዚያ ውስጥ ጠበብ ያለ፣ የጨለመና ጥቂት ቫርኒሽ የተቀላቀለበት ሌላ እድፍ ይገባል፤ የላይኛው ጫፉ የመሙያውን ክዳን ይነካል፣ የታችኛው ግን ግርጌው ሳይደርስ በተለያየ ቦታ ይቋረጣል። በሦስተኛው ቀን ሁለት ወይም ሦስት እንደ ፀጉር የቀጠኑ መስመሮች ሙሉ በሙሉ በሚያንጸባርቅ ቫርኒሽ፣ ከሞላ ጎደል ያለ ቀለም፣ አወርዳለሁ። ከፊት ለፊት ሲያዩት አይታዩም። ሞዴሉ በሐዲዱ ላይ ሲያልፍና ብርሃኑ ሲዞርባቸው ግን ብልጭ ይላሉ፤ ሎኮሞቲቩ ዛሬ ጠዋት ነዳጅ የሞላ ይመስላል።

ስለ ዝገትና መላጥ መጀመሪያ የምመክረው ቁጥብነትን ነው። በሥራ ላይ ያለ ሎኮሞቲቭ ጥገና ስለሚደረግለት ዝገቱ ከምናስበው ያነሰ ነው። ዝገት የሚታየው ውኃ በሚቋጥርባቸው ማዕዘኖች፣ በመተላለፊያው ጠርዝ፣ ዕቃ በሚመታቸው ቦታዎችና ቀለሙ በተሰነጠቀባቸው የቡሎን ዙሪያዎች ነው። በየቀኑ የሚረገጠው መወጣጫ ግን አይዝግም፤ ይወለወላል። የታችኛውን መወጣጫ ጠርዝ በለስላሳ እርሳስ ጫፍ ቢያሹት የተረገጠ ብረት ይመስላል። ነጂው የሚቀመጠው በቀኝ በኩል እንደመሆኑ፣ ለካቢኑ በቀረበው የቀኝ መወጣጫ ላይ ከሌሎቹ ጥቂት አብዝተው ያሹ። መተላለፊያው መሐሉ ላይ ሲላጥ ጠርዙ ቀለሙን ይይዛል። መላጡን በሰፍነግ ቁራጭ ጫፍ እየነኩ መሥራት በብሩሽ ከመሣል የተሻለ የተፈጥሮ ቅርጽ ይሰጣል፤ ቁስሉ መሐል ላይ ጥቁር ቡናማ፣ ከሥሩ ደግሞ አንድ ስስ የዝገት ጅረት ይበቃዋል።

ጣሪያው ላይ ጥላሸቱ ከጭስ ማውጫው ጀምሮ በሁለቱም አቅጣጫ ይዘረጋል፤ ሎኮሞቲቩ ወደፊትም ወደ ኋላም ይሠራልና። ይሁን እንጂ አዘውትሮ አጭሩን አፍንጫ (ከካቢኑ ፊት ያለውን) አስቀድሞ የሚሄድ ከሆነ የኋላው ይረዝማል። ጥላሸቱ የከሰል ጥቁር ሳይሆን ጥቁር ግራጫ ነው፤ ከማውጫው አፍ አጠገብ ግን፣ ለረጅም ሰዓት ባዶውን ሲሠራ የቆየ ሞተር ዘይት ስለሚተፋ፣ ጥቂት እርጥበት ያለው ጥቁር ያስፈልጋል። ከሞተሩ በላይ ያለው የኤሌክትሪክ ፍሬን ክፍል ደግሞ ኃይሉን በትላልቅ ሪዚስተሮች (የኤሌክትሪክ ፍሰትን በሚቃወሙ ክፍሎች) ወደ ሙቀት ቀይሮ የሚያስወጣ በመሆኑ፣ በዙሪያው ያለው ቀለም ከሌላው ቀድሞ የደረቀና የነጣ ይሁን።

የፒግመንት ዱቄት (ደረቅ የቀለም ዱቄት) የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ዱቄት በአንጸባራቂ ገጽ ላይ ስለማይይዝ አስቀድሞ ማት ቫርኒሽ ያስፈልጋል፤ ግን አቧራ በሚያርፍባቸው ቦታዎች ብቻ ይንፉት። የነዳጁን እድፍ፣ የዘይቱን ጅረትና የተወለወሉትን መወጣጫዎች በማስኪንግ ቴፕ ይሸፍኑ፤ አለዚያ ሦስት ቀን የደከሙበት ብልጭታ በሦስት ሰከንድ ይጠፋል። ዱቄቱን ካደረጉ በኋላ እንደገና ቫርኒሽ ቢነፉበት ግማሹ እንደሚደበዝዝ አስቀድመው ያስቡ። የዱቄቱን ቅንጣት መጠንም ይምረጡ፤ 0.1 ሚሊ ሜትር የሆነ ቅንጣት በዚህ ስኬል ወደ ሦስት ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ጠጠር ነውና አቧራ አይመስልም። በዚህ ደረጃ ላይ የደረሰብኝን ልንገርዎት። አንድ ጊዜ በላከር (በጠንካራ ቲነር በሚቀጥን) ማት ቫርኒሽ ላይ በአልኮል የተበጠበጠ ቀለም አፍስሼ ተኛሁ፤ ጠዋት ስመለከተው የሞተሩ ቤት በሙሉ አመድ የተነሰነሰበት መስሎ ነጥቷል። ቫርኒሹን እንደገና ስነፋበት ነጩ ጠፋ፤ የዱቄቱ ሥራም አብሮ ጠፋ። በአልኮል የሚበጠበጥ ማንኛውም ነገር ከላከር ማት በፊት ይሠራ እንጂ በኋላ አይሠራ።

ሞዴሉ የሚሄድ እንጂ የሚቀመጥ ብቻ ስላልሆነ፣ ኤሌክትሪክ የሚሰበስቡትን የመንኮራኩር ዙሪያዎችና መሰብሰቢያ ስስ ብረቶች ከመንፋትዎ በፊት ይሸፍኑ፤ ቦጊዎቹን ነቅሎ መንፋት ከሁሉም ይሻላል። ዱቄት ከማርሽ ጥርሶቹ ግራሶ ጋር ከተጋባ መፍጫ ሊጥ ይሆናል። በተለይ ጥቁር የብረት ኦክሳይድ ፒግመንት ማግኔት ስለሚስበው፣ ወደ ሞተሩና ወደ ድምፅ ማጉያው ክፍተት አቅራቢያ በእርጥብ ብሩሽ ብቻ ያድርጉት። ሞዴሉን ደጅ የሚነዱት ከሆነ ዱቄትን ቀንሰው በኤርብራሽና በዘይት ቀለም ላይ ይመኩ፤ ያልተቆለፈ ዱቄት በመጀመሪያው ዝናብ ይሄዳል። ዱቄት ሲያራግፉም ሆነ ቀለም ሲነፉ መስኮት ከፍተው፣ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ አድርገው ይሥሩ።

የካቢኑ መስኮቶች የመጨረሻ ናቸው። መጥረጊያው የሚሄድበትን ቅስት በቴፕ ቆርጠው መስታወቱ ላይ ይለጥፉ፤ ቴፑ የሚነሣበት ጫፍ ይተዉለት። ፈዛዛ የአቧራ ቀለም በአንድ ወይም በሁለት ስስ ዙር ነፍተው ሳይደርቅ ቴፑን ያንሡት። የግንባር መብራቶቹ መስታወት ንጹሕ ይሁን። ይህን ሁሉ ሲጨርሱ ሞዴሉን በሥራ ጠረጴዛው መብራት ሥር አይፍረዱት፤ በሚነዳበት ቦታና ብርሃን ሐዲዱ ላይ አስቀምጠው፣ ሁለት ሜትር ርቀው በሁለቱም ጎን ይመልከቱት። ዓይንዎ መጀመሪያ የሚያርፈው አንድ እድፍ ላይ ከሆነ ያ እድፍ በዝቷልና በዋይት ስፒሪት በረጠበ ብሩሽ ይቀንሱት። መጀመሪያ ሎኮሞቲቩን፣ ቀጥሎ እድፉን ካዩ ግን መሣሪያዎን ማጠብ ይችላሉ።